ዝርዝሩ ዝም ሲል

ኮምፒውተርን በሁለት መንገድ ማዘዝ ይቻላል። አንዱ «ይህን አድርግ፣ ቀጥለህ ያንን» እያሉ ደረጃውን መንገር ነው። ሌላው «ነገሩ እንዲህ ሆኖ ላግኘው» ብሎ ውጤቱን ብቻ ተናግሮ መንገዱን ለእሱ መተው ነው። የሁለተኛው መንገድ ጥርት ያለ ምሳሌ ፕሮሎግ ነው፤ አላን ኮልሜሮና ፊሊፕ ሩሰል እ.ኤ.አ. በ1972 ማርሴይ ላይ የሠሩት ቋንቋ። እውነታውና ሕጉ ይጻፍለታል፣ ጥያቄ ይቀርብለታል፣ መልሱን ራሱ ያስሳል። መሠረቱ ይኸው ነው፤ ብዙ አልቆይበትም።

ፕሮሎግ ሲነሳ «እሱ እኮ ለፈተና የሚጠና ነገር ነው» የሚሉኝ ባልደረቦች ያናድዱኛል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ኤንቲ ውስጥ ትንሽ የፕሮሎግ አስተርጓሚ ከትቶ፣ የትኛው የኔትወርክ ካርድ ከየትኛው ፕሮቶኮል ጋር እንደሚያያዝ በእሱ ያስወስን ነበር። ዛሬ ለሱፐር ኮምፒውተሮች ሶፍትዌር የሚጭነው ስፓክ፣ የትኛው ቅጂ ከየትኛው ጋር እንደሚስማማ የሚያሰላው ክሊንጎ በተባለ፣ ጀርመን አገር ፖትስዳም በተሠራ የሎጂክ ፈቺ ነው። ኦፕን ፖሊሲ ኤጀንት ፈቃድ የሚሰጥበትና የሚከለክልበት ሬጎ የተባለው ቋንቋም መነሻው ዳታሎግ፣ የፕሮሎግ የቅርብ ዘመድ ነው። (በአማርኛ ልሞክረው ለሚል፦ ፕሮሎግ ተለዋዋጭ ስምን የሚለየው በትልቅ የላቲን ፊደል ወይም በግርጌ ሰረዝ (_) ሲጀምር ነው። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ከስሙ በፊት የግርጌ ሰረዙን ማስቀደም ግድ ነው፤ አለዚያ «ሰው» ያሉት ማንኛውም ሰው መሆኑ ቀርቶ አንድ የታወቀ ነገር ሆኖ ይነበባል።)

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ግን ዝርዝሩ ላይ ወዳልተጻፈው ነገር ለመድረስ ነው።

የዕድር መዝገብን እናስብ። ስሙ መዝገቡ ላይ የሌለ ሰው አባል አይደለም፤ ጸሐፊው «አባል አለመሆኑን የሚመሰክር ወረቀት አምጡ» አይልም። እ.ኤ.አ. በ1978 ሬይመንድ ራይተር ይህን አስተሳሰብ «የተዘጋ ዓለም» ብሎ ሰየመው፦ የታወቀው ሁሉ ተጽፏል፣ ያልተጻፈው ሐሰት ነው። ኪት ክላርክም በዚያው ዓመት፣ የራይተር ጽሑፍ በወጣበት መጽሐፍ ውስጥ፣ «አይደለም» ማለትን «ላረጋግጥ ሞክሬ አልቻልኩም» ብሎ መረዳት እንዴት እንደሚያስኬድ አሳየ። ፕሮሎግ የሚኖረው በዚህ ሕግ ነው።

ውጤቱ ብቻ የሚጻፍላቸው የሰርቨር ማስተዳደሪያ መሣሪያዎች ግን በዚህ ሕግ አይኖሩም፤ ብዙው ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ማርክ በርጀስ እ.ኤ.አ. በ1993 ኦስሎ ላይ ከጀመረው ሲኤፍኤንጂን አንስቶ እስከ ፐፔትና አንሲብል ድረስ፣ መሣሪያው ኃላፊነት የሚወስደው ለተጻፈው ብቻ ነው። መስመሩ ከተሰረዘ ስለ ነገሩ ማውራቱን ያቆማል እንጂ ነገሩን አያጠፋም።

አቡ ዳቢ ውስጥ፣ አል ሪም ደሴት ላይ፣ ስሙ ይቆየኝና በአንድ መሥሪያ ቤት፣ አንድ ኢንጂነር ሥራ ለቀቀ። ስሙ ከአንሲብሉ ፋይል ተሰረዘ፣ አለቃው አጸደቀ፣ ጉዳዩ ተዘጋ። ወራት አልፈው አንድ ሰርቨር ስንፈትሽ ሰውየው ከነቁልፉ እዚያው ተገኘ። አብሮኝ የነበረው የባሕር ዳር ልጅ ክው አለ። «ጋሼ፣ ፋይሉ ላይ እኮ የለም!» «ፋይሉ ላይ አለመኖሩማ ነው ችግሩ» አልኩት። ስሙ እዚያው ፋይሉ ላይ ቆይቶ ከጎኑ «አብሰንት» መባል ነበረበት፤ ያውም ለጥገና ጠፍተው የነበሩት ሰርቨሮች ሳይቀሩ ትእዛዙ እስኪደርሳቸው ድረስ።

ሌላው መሣሪያ ቴራፎርም ደግሞ የተለየ ጠባይ አለው። የፈጠረውን ነገር ሁሉ ለብቻው መዝግቦ ስለሚይዝ፣ መስመሩ ሲሰረዝ ነገሩን ራሱን ያፈርሳል። የአንሲብልን ልማድ ይዞ የመጣ ሰው «ፋይሉን ላጽዳ» ብሎ መስመር ሲያነሣ ዳታቤዝ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ሰው በእጁ የፈጠረውን ግን ቴራፎርም ጭራሽ አያውቀውም። ኒክስ ኦኤስ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከሁሉም ወደ ፕሮሎግ ይቀርባል፤ ሲስተሙን በየጊዜው ከጽሑፉ እንደ አዲስ ስለሚገነባ ከጽሑፉ የወጣ አገልግሎት በሚቀጥለው ግንባታ አይገኝም፣ የቀድሞው ግንባታ ግን ለመመለሻ ተቀምጦ ይቆያል። እንግዲህ መስመር መሰረዝ አንዱ ጋ «ተወው»፣ ሌላው ጋ «አፍርሰው»፣ ሦስተኛው ጋ «አልነበረም» ማለት ነው። መሣሪያ የሚቀይሩ መሥሪያ ቤቶች ስለ ዋጋና ስለ ፍጥነት ሲከራከሩ ይውላሉ፤ ይህን የሚጠይቅ ግን እምብዛም አላየሁም።

ሬጎ ላይ ነገሩ የባሰ ነው። «ያልታገደ ከሆነ ይግባ» የሚል ሕግ ተጻፈ እንበል። ጸሐፊው የመስኩን ስም በአንድ ፊደል ቢስት መስኩ አይገኝም፤ ያልተገኘ ነገር ደግሞ «አይደለም» ሲባል እውነት ይሆናል። የታገደውም ያልታገደውም ሰተት ብሎ ይገባል፣ ስህተት የሚል መልእክትም አይመጣም። ሕጉን «የተፈቀደለት ከሆነ ይግባ» ብሎ የጻፈ ሰው ፊደል ቢስት በሩ ይዘጋበታል፤ በነጋታው የሚጮህ ሰው ስለማይጠፋ ወዲያው ይታወቃል።

የሕግ ሰዎች ይህን ጣጣ ከእኛ ቀድመው ያውቁታል። አል ሪም እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ አቡ ዳቢ ግሎባል ማርኬት የሕግ ክልል ከገባች ወዲህ በንግድና በፍትሐ ብሔር ጉዳይ የእንግሊዝ ኮመን ሎው የሚሠራባት ደሴት ሆናለች፤ ስለዚህ ምሳሌውን ከእንግሊዝ ባመጣ ባይተዋር አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1986 ለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ውስጥ ማሬክ ሰርጎት፣ ሮበርት ኮዋልስኪና ባልደረቦቻቸው የ1981ዱን የብሪታንያ የዜግነት ሕግ በፕሮሎግ የጻፉበትን ሥራ አሳተሙ። ሕጉ ተጥሎ ስለተገኘ ጨቅላ ሕፃን ሲናገር፣ ተቃራኒው ካልታየ በቀር በአገሪቱ ውስጥ ለዜግነት ከሚያበቃው ወላጅ እንደተወለደ ይቆጠራል ይላል። ለፕሮሎግ ይህ ምቹ ነው፦ ተቃራኒውን ፈልጎ ካጣ ሕፃኑን ዜጋ ይለዋል። ነገ ግን እናቱ ብትገኝስ? አንድ እውነታ ሲጨመር ትናንት የተሰጠው መልስ ሊሻር ይችላል። ሰርቨር ላይም እንደዚሁ ነው፤ ፋይሉ ላይ መስመር መጨመር የነበረ ፈቃድ ሊነጥቅ ይችላል። የእኛ ሕገ መንግሥት አርቃቂዎች ዝምታውን ባለቤት አልባ አልተዉትም፤ አንቀጽ 52 ለፌዴራሉ መንግሥት በተለይ ወይም ከክልሎች ጋር በጋራ በግልጽ ያልተሰጠው ሥልጣን የክልሎች ነው ይላል።

ቴራፎርም ሥራ ከመጀመሩ በፊት በ«ፕላን» ሦስት ቁጥር ያወጣል፦ የሚጨመር፣ የሚለወጥ፣ የሚፈርስ። ሦስተኛውን ሳያነብ «የስ» ብሎ የሚያልፍ ሰው እጅ ላይ የይለፍ ቃል ባይኖር እመርጣለሁ። አንሲብል ደግሞ በ«ቼክ» ቢሞከርም ስላልተጻፈው ምንም አይነግርም። ለእሱ ከየሰርቨሩ የተጠቃሚውን ስም አውጥቶ ከፋይሉ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል። እኛ ዘንድ ይህ ሐሙስ ይደረጋል፤ ዓርብ ግማሽ ቀን ቢሆንም የተረፈ ስም ከተገኘ ባለቤቱን ለመጠየቅ ይበቃል።