በለስንና ቁልቋልን ለይቶ ስለ ማወቅ

በለስና ቁልቋል ሲያዩዋቸው ዘመዳሞች ይመስላሉ። ሁለቱም እሾኻም ናቸው፤ ሁለቱም ለአጥር ይተከላሉ፤ ሁለቱም ድርቅን ይችላሉ። ነገር ግን ዘራቸው ለየብቻ ነው። አንዱ የሰው ምግብና የከብት መኖ ሲሆን፥ ሁለተኛው ዐይን ያጠፋል። ስለዚህ በንፋስ ስልክ ላፍቶ በጓሮው ዳር አጥር ለመትከል የሚያስብ ገበሬ አስቀድሞ ለይቶ ሊያውቃቸው ይገባል።

ቁልቋል ያገራችን ዛፍ ነው። ቅርንጫፉ ባለ ማእዘን ነው፤ እሾኹም በጠርዙ ላይ ሁለት ሁለት ሆኖ ይበቅላል። ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያፈስሳል። ይህ ወተት ቆዳን ያቃጥላል፤ ዐይን ውስጥ ቢገባም ሊያሳውር ይችላል። ድንገት ቢረጭብዎ ዐይንዎን ሳያሹ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ይታጠቡና ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

በለስ ግን የካክተስ ወገን ነው። የትውልድ አገሩ ሜክሲኮ ሲሆን፥ ወደ ትግራይ የገባው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። የትግራይ ሰዎች «ቁልቋል ባሕሪ» ማለትም የባሕር ቁልቋል ይሉታል። ቅጠል የሚመስለው ጠፍጣፋው ክፍል ግንዱ ነው፤ ውሃ የሚያጠራቅመውም እርሱ ነው። የሚተነፍስባቸውን ቀዳዳዎች ቀን ዘግቶ ሌሊት ስለሚከፍት ውሃው በፀሐይ አይባክንም። ሲቆረጥ የሚወጣው ሙልጭልጭ ፈሳሽ እንጂ ወተት አይደለም። ዋናው መለያ ይህ ነው።

በለስ ለመትከል የበሰለውን ጠፍጣፋ ግንድ ቆርጠው፥ ቁስሉ እስኪደርቅ አንድ ሁለት ሳምንት በጥላ ያቆዩት። ከዚያ ሲሶውን ያህል በዐፈር ይቅበሩት። ውሃ በሚያቁር ዋልካ መሬት ሥሩ ስለሚበሰብስ፥ ከፍ ያለ መደብ ያብጁለት። ለከብት ሲሰጡ እሾኹን በእሳት ለብልበው፥ ከትፈው ከገለባ ጋር ይቀላቅሉት፤ ብቻውን ቢበዛ ያስቀምጣል።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ለቀይ ቀለም ሲባል ወደ ትግራይ የገባች ኮችኒል የተባለች ነፍሳት ከቁጥጥር ወጥታ ብዙ በለስ አጥፍታለች። ምልክቷ በግንዱ ላይ የተለጠፈ ጥጥ መሳይ ነጭ ነገር ነው፤ ሲጨፈልቁት ደም የመሰለ ቀለም ይወጣዋል። ስለዚህ ከሩቅ አገር የመጣ የበለስ ግንድ ሳይመረመር አይተከል። ምልክቱን ያየ ሁሉ ግንዱን ከቦታው ሳያንቀሳቅስ ለልማት ሠራተኛው ያስታውቅ።