ከሩቅ ባሱ ብቻ የሚሰማው ለምንድን ነው?

ወላይታ ሶዶ የምትኖሩ ከሆነ ይሄን ታውቁታላችሁ። ቅዳሜ ማታ ነው፤ ማዶ ሰፈር ሠርግ አለ። ዘፋኙ ምን እንደሚል አይሰማችሁም፣ ኪቦርዱም አይለይም። «ዱም፣ ዱም» የሚለው ግን መስኮቱን እያንቀጠቀጠ አልጋችሁ ድረስ ይመጣል። የወላይታ ምት ከሆነማ ወገብ ሳይጠየቅ ይነቃነቃል።

ነገሩ የሞገድ ርዝመት ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። አየሩን በሰከንድ 50 ጊዜ የሚያርገበግበው ባስ (50 ኸርዝ እንለዋለን) አንዱ ሞገዱ ወደ 7 ሜትር ይረዝማል። 5,000 ኸርዝ የሆነው ቀጭን ድምፅ ግን 7 ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም። ይሄን አጭሩን ሞገድ በርም፣ የሰው ትከሻም ያግደዋል። ረጅሙ ዕቃውንም ሰዉንም ዞሮ ያልፋል። ግድግዳም ቢሆን ፈጣኑን እርግብግቢት የበለጠ ያፍናል፣ ዝግተኛውን የበለጠ ያሳልፋል። የባስ ስፒከር ቁም ሣጥን የሚያክለውም ለጉራ አይደለም፤ ዝግተኛ ሞገድ ለመፍጠር ብዙ አየር መግፋት ስለሚጠይቅ ነው።

ወገቡስ ለምን ይነቃነቃል? በካናዳ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ድግስ ላይ ብልጠት ያለበት ሙከራ አድርገዋል። ጆሮ ለይቶ የማይሰማው በጣም ዝቅተኛ ባስ የሚያወጡ ስፒከሮችን በየ2 ደቂቃ ተኩል ያበሩ፣ ያጠፉ ነበር። ጨፋሪዎቹ መብራቱንም መጥፋቱንም አላወቁም። በ2022 እንደታተመው ውጤት ግን ስፒከሮቹ ሲበሩ ሰዎቹ ወደ 12 በመቶ አብልጠው ተንቀሳቅሰዋል። ሰውነት ያልሰማነውንም ይሰማል ማለት ነው።

ስለ ክለብና ስለ ድምፅ መሣሪያ ካወራን ኃይሉ መርጊያን ማለፍ አይቻልም። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ሲታወጅ የአዲስ አበባ የምሽት ክለቦች መዝጋት ብቻ አይደለም የቀራቸው ምርጫ። ሰው ሰዓት እላፊው ሳይደርስ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ እስኪነጋ ይጨፈራል። ዋልያስ ባንድ በሂልተን የሠራው በዚህ ጊዜ ነው፣ ኃይሉም በኪቦርዱ። እስቲ አስቡት፣ መውጣት ለማይችል ሰው ሌሊቱን ሙሉ መጫወት! በግድም ቢሆን ረጅምና የሚደጋገም ሙዚቃ ይወለዳል፤ ዛሬ በየዓለሙ ክለብ የሚሰማው ሙዚቃ ጠባዩ ይኸው አይደል?

በኋላ አሜሪካ የቀረው ኃይሉ በ1985 «ሸሞንሟናዬ»ን ብቻውን ቀዳው። የልጅነት መሣሪያው የሆነውን አኮርዲዮን ከሞግ ሲንተሳይዘርና ከሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ ጋር እያነባበረ አንድ ሰው ባንድ ሆነ። ካሴቱ ብዙ ዓመት ተረስቶ ከቆየ በኋላ አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሕር ዳር አገኘውና በ2013 እንደገና ታተመ። ያኔ ኃይሉ ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር፤ መንገደኛ እስኪመጣ ኪቦርዱን አውጥቶ መኪናው ውስጥ ይለማመዳል።

ዛሬ የሶዶው ሠርግ ላይም አንድ ኪቦርድ ባንድ ሆኗል። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው፦ ኃይሉ መሣሪያውን ወደ ዜማው አመጣው፤ ብዙ ጊዜ እኛ ዜማውን ወደ መሣሪያው እንወስዳለን። ኪቦርዱ ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው ምት የተሠራው የሶዶን ጭፈራ ለማያውቅ ጆሮ ነው። የሙዚቃ ሶፍትዌሮች ደግሞ «ኳንታይዝ» የሚባል ቁልፍ አላቸው። ጊዜን እንደ ሒሳብ ደብተር በእኩል ካሬ ይከፋፍልና እያንዳንዱን ምት ወደ ቅርቡ መስመር ይጎትተዋል። በጊፋታ ጭፈራ ላይ ከበሮ መቺው ሆን ብሎ በ20 ሚሊሰከንድ ቢቀድም ቁልፉ «ተሳስተሃል» ብሎ ያርመዋል። እኔ ይሄ ቁልፍ ባይነካ እመርጣለሁ። በምቱ ውስጥ ሰው ያለበት ቦታ ያቺው ሽርፍራፊ ናት።

ካሬው በራሱ ግን የፈረንጅ ፈጠራ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እዚያው ደቡብ፣ ደራሼ፣ ፊላ የሚባል የቀርከሃ ዋሽንት ጨዋታ አለ። እያንዳንዱ ሰው አንድ ድምፅ ብቻ ይይዛል፣ ተራው ሲደርስ ይነፋል፤ ዜማው የሚወጣው ከሁሉም ተገጣጥሞ ነው። ዛሬ «ሲኩዌንሰር» የሚባለው ማሽን የሚሠራው ይህንኑ ነው፦ በየካሬው አንድ ድምፅ አስቀምጦ በተራ ማስጮህ። ልዩነቱ ፊላ ላይ ካሬዎቹ ላብ ያላቸው መሆናቸው ነው። እንደ ሚካኤል ሰይፉና እንደገና ሙሉ ያሉ የአዲስ አበባ ሙዚቀኞችም የሀገር ውስጥ ድምፆችን ከኮምፒውተር ጋር እያዋሃዱ «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» የሚል ስም ሰጥተውታል። ከወላይታ እንዲህ ያለ ሥራ የሚወጣው፣ አንዳችሁ የአያታችሁን የጊፋታ ዘፈን በስልክ ቀድታችሁ ካሬው ውስጥ ሳትጨፈልቁ ስትሠሩበት ነው።

ለዚያ ደግሞ ጆሮ ያስፈልጋል። ተማሪ ሳለሁ አንድ ድግስ ላይ ስፒከር ተደግፌ አመሸሁ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ጆሮዬ «ጭው» ሲል ከረመ። ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት የሚቀይሩ ፀጉር መሰል ሴሎች አሉ፤ በአንድ ጆሮ 15,000 ገደማ። ከሞቱ አይተኩም። የሚገርመው ዶሮ ትተካቸዋለች፣ እኛ ግን አንችልም።

የሥራ ቦታ ደኅንነት ባለሙያዎች 85 ዴሲቤልን በቀን እስከ 8 ሰዓት ይፈቅዳሉ። ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ 4 ሰዓት ነው፣ 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ። ጥሩ ዜናው፣ ሜዳ ላይ ከስፒከር ያላችሁ ርቀት እጥፍ ሲሆን 6 ዴሲቤል ይወርዳል። ከ2 ሜትር ወደ 8 ሜትር ብትርቁ 100 የነበረው 88 ይሆናል፣ 15 ደቂቃውም 4 ሰዓት። በግድግዳ በተከበበ አዳራሽ ግን ድምፁ ስለሚያስተጋባ ይህን ያህል አይወርድም፤ እዚያ የጆሮ መድፈኛ ያዙ። ባሱ እንደሆን በደረታችሁም ይገባል።