የፒካፕ ጉልበት ከጀርባው ይጀምራል

ለእርሻ ሥራ ፒካፕ ሊገዛ የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄውን የሚጀምረው ከሞተሩ ነው። ስንት ሲሲ ነው? ቱርቦ አለው? ስንት የፈረስ ጉልበት አለው? ጥያቄዎቹ አይከፉም፤ ቅደም ተከተላቸው ግን ተገላብጧል። ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት ቱርቦ ናፍጣ ፒካፖች የሚቸገሩት በመጎተት ሳይሆን በመሸከምና በመቆም ነው። ሞተሩ ሳይደክም ባሌስትራው የሚረግበው፣ ሻንሲው የሚጎብጠው፣ ፍሬኑ የሚግለው ለዚህ ነው። ለእርሻና ለተሳቢ የሚሆን ፒካፕ ከታች ወደ ላይ ይመረጣል፦ መጀመሪያ ጎማ፣ ባሌስትራና ሻንሲ፣ ቀጥሎ ፍሬን፣ ሞተሩ በመጨረሻ።

ከሥሩ ሲታይ

ፒካፕ ከላይ ሲያዩት የቤት መኪና ይመስላል፤ ከሥሩ ግን የጭነት መኪና ነው። ሁለት ረጃጅም ብረቶች ከፊት እስከ ኋላ ተዘርግተው ሻንሲውን ይሠራሉ፤ ሞተሩ፣ ጋቢናውና የጭነት ሣጥኑ በላዩ ላይ በየራሳቸው ይታሰራሉ። የኋላው አክስል ወጥ ነው፤ ሻንሲውን የሚሸከመውም በተደራረቡ የብረት ቅጠሎች፣ ማለትም በባሌስትራ ነው። ባዶውን ሲሄድ ጀርባው የሚነጥረው ባሌስትራው ጭነት እየጠበቀ ስለሆነ ነው።

ይህ አሠራር ከገበሬ ጋር ያደገ ነው። በአሜሪካ ገበሬዎች የቤት መኪናቸውን ጀርባ ቆርጠው በእንጨት ሣጥን ሲተኩ ከቆዩ በኋላ፣ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1925 የጭነት ሣጥን ከፋብሪካ የተገጠመለትን ሞዴል ቲ በ281 ዶላር መሸጥ ጀመረ። በእኛ አገር መንገድ ላይ በይበልጥ የምናውቀው ቶዮታ ሃይሉክስ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ባለ 1.5 ሊትር ሞተር ትንሽ መኪና ነበር፤ ፎርዊል የሆነው ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1979 ነው። የሃይሉክስ መደብ የሚባሉት፣ አይሱዙ ዲማክስ፣ ሚትሱቢሺ ኤል 200፣ ኒሳን ናቫራና ፎርድ ሬንጀር፣ ሁሉም በግርድፉ አንድ ቶን እንዲጭኑ የተሠሩ ናቸው።

አሥር ኩንታል፣ ሰውን ጨምሮ

አንድ ቶን ማለት አሥር ኩንታል ነው። ብዙ ገዢዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የመጫን አቅም የሚባለው ከኋላ የሚጫነው እህል ብቻ አይደለም፤ ሹፌሩ፣ ተሳፋሪው፣ በኋላ የተጨመረው የብረት ፓራውልት፣ በሣጥኑ ላይ የተበየደው ፍርግርግ፣ መለዋወጫ ነዳጅ የያዘው ጀሪካን ሁሉ ከዚያው ሒሳብ ይቀነሳሉ። አምስት አዋቂዎች በአማካይ 70 ኪሎ ቢመዝኑ 350 ኪሎ ናቸው። ስለዚህ ቤተሰብ ሞልቶ የሚሄድ ባለ አንድ ቶን ደብል ጋቢና ከኋላው የሚቀረው ስድስት ኩንታል ተኩል ብቻ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ውኃ ነው። አንድ ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሲሞላ፣ የራሱ የፕላስቲኩ ክብደት ሳይቆጠር፣ አንድ ቶን ይመዝናል። ሹፌሩ ገና ሳይገባ አቅሙ ያልቃል ማለት ነው። ለማቅለል ግማሽ ብቻ መሙላትም የራሱ ጣጣ አለው፤ ውስጡ መከፋፈያ የሌለው ግማሽ ጎዶሎ ታንከር ኩርባ ላይ ውኃውን ወደ ጎን፣ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ወደ ፊት ይወረውራል። ውኃ የዘወትር ጭነት ከሆነ አነስ ያለ ሮቶ ገዝቶ ጥግ ድረስ ሞልቶ መሄድ ይሻላል።

ትክክለኛው ቁጥር ከሻጩ አፍ አይገኝም። በሊብሬው ላይ፣ በአምራቹ መጽሐፍና ብዙውን ጊዜ በሹፌሩ በር ቋሚ ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ተጽፏል። አሜሪካ ያለ አንባቢ በዚያው በር ላይ ቢጫ ምልክት ያለበት ወረቀት ያገኛል፤ ሰውና ዕቃ በድምሩ ከስንት ፓውንድ ማለፍ እንደሌለበት በግልጽ ይናገራል። ባለ ቆዳ ወንበርና ባለ መስታወት ጣሪያ የሆነው ውዱ ሞዴል፣ ራሱ ስለሚከብድ፣ ብዙ ጊዜ ከርካሹ ወንድሙ ያነሰ ይጭናል።

የጋቢናው ምርጫ

ደብል ጋቢና በከተማም በገጠርም ተፈላጊ ነው፤ ቤተሰብ ይይዛል፣ ሲሸጥም ቶሎ ይሄዳል። ለንጹሕ የእርሻ ሥራ ግን ሲንግል ጋቢና የተሻለ መኪና ነው። የሃይሉክስ ሲንግል ጋቢና የጭነት ሣጥን ርዝመቱ ወደ 2.3 ሜትር ሲሆን የደብሉ 1.5 ሜትር ገደማ ነው። ልዩነቱ የቦታ ብቻ አይደለም። በሲንግሉ ላይ አብዛኛው ጭነት ከኋላው አክስል ፊት ለፊት ያርፋል። በደብሉ ላይ ሣጥኑ ወደ ኋላ ስለተገፋ ጭነቱ አክስሉን አልፎ ይንጠለጠላል፤ የኋላውን በር ከፍቶ ጆንያ መደርደር ሲጨመርበት ደግሞ ሻንሲው ከጋቢናው ጀርባ ላይ መጉበጥ ይጀምራል። ከባዱ ዕቃ ሁልጊዜ ወደ ጋቢናው ይጠጋ፤ ሞተር ፓምፕ፣ የማዳበሪያ ጆንያና የናፍጣ በርሜል ከፊት፣ ባዶ ሣጥንና ገለባ ከኋላ።

ባሌስትራ ማስጨመር በየጋራዡ የተለመደ ነው። ጀርባው እንዳይወርድ ያደርጋል፤ የሻንሲውን፣ የአክስሉን፣ የፍሬኑንና የጎማውን አቅም ግን አንድ ኪሎ አይጨምርም። ሲጫን ጀርባው የማይወርድ መኪና ለባለቤቱ "ገና ይችላል" የሚል የሐሰት ምስክር ይሆናል።

ጎማ የራሱን ምስክርነት በጎኑ ላይ ጽፎ ይዞራል። ከመጠኑ ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር አንዱ ጎማ የሚሸከመውን ይናገራል፦ 112 የሚል 1,120 ኪሎ፣ 121 የሚል 1,450 ኪሎ። ሁለቱም በዓይን አንድ ዓይነት ሊመስሉ ይችላሉ፤ በአንድ አክስል ላይ ግን 660 ኪሎ ያህል ይለያያሉ። ለጭነት የሚገዛ ጎማ በዚህ ቁጥር ይመረጥ፤ ጭነት ሲኖርም አምራቹ ለጭነት ባዘዘው ልክ ይነፋ።

ተሳቢው ሲመጣ

ተሳቢ መግጠም የመኪናውን አቅም የሚያበዛ ይመስላል። በተወሰነ ደረጃ እውነት ነው፤ ክብደቱን የሚሸከሙት የራሱ ጎማዎች ናቸው። ግን ሦስት ሒሳቦች አብረው ይመጣሉ።

የመጀመሪያው ፍሬን ነው። ብዙ የዚህ መደብ ፒካፖች የራሱ ፍሬን ያለው ተሳቢ ሲሆን እስከ 3,500 ኪሎ፣ ፍሬን የሌለው ሲሆን ግን 750 ኪሎ ብቻ እንዲጎትቱ ይፈቀድላቸዋል። በሁለቱ መካከል ያለው የ2,750 ኪሎ ልዩነት ስለ ሞተሩ የሚናገረው ነገር የለም፤ ስለ ማቆም ብቻ ይናገራል። ሠፈር ውስጥ ብየዳ ቤት የተሠራ፣ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከ750 ኪሎ በላይ ሲጫን መኪናውን ከኋላ እየገፋ የሚሄድ ጭነት ነው።

ሁለተኛው የጥምር ክብደት ነው። ባዶውን 2,100 ኪሎ የሚመዝን፣ ከነተሳቢው በድምሩ 5,850 ኪሎ የተፈቀደለት ፒካፕ እናስብ። ተሳቢው 3,500 ከሆነ ለመኪናው የሚቀረው 2,350 ነው። ከዚህ ላይ የራሱ 2,100 ሲቀነስ 250 ኪሎ ይቀራል፤ ሹፌር፣ ሁለት ሰውና አንድ ጆንያ። "ሦስት ተኩል ቶን ይጎትታል" የተባለው መኪና ያን ቀን ከኋላው ምንም መጫን አይችልም ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው ተሳቢው የተንጠለጠለበት ኳስ ላይ የሚያርፈው ክብደት ነው። ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት አንድ አሥረኛ ያህሉ ኳሱ ላይ እንዲያርፍ ይመከራል፤ ለ3,500 ኪሎ ተሳቢ 350 ኪሎ ይሆናል። ኳሱ ግን ከኋላው አክስል አንድ ሜትር ከሩብ ያህል ወደ ኋላ ስለሚርቅ እንደ ማንሻ ይሠራል። የፊትና የኋላ እግሮቹ በ3.1 ሜትር በሚራራቁበት መኪና ላይ፣ ያ 350 ኪሎ የኋላውን አክስል በ490 ኪሎ ገደማ ይጫነዋል፤ ከፊት ጎማዎች ላይ ደግሞ 140 ኪሎ ያነሣል። መሪው የሚቀለው፣ የፊት መብራት ወደ ሰማይ የሚያበራው ከዚህ የተነሣ ነው።

መፍትሔው ኳሱን ማቅለል አይደለም። ተሳቢው ከኋላው ከብዶ ኳሱ ላይ ክብደት ካነሰ፣ ፍጥነት ሲጨምር ጭራው ወዲያና ወዲህ መወዝወዝ ይጀምራል፤ ከተባባሰም መኪናውን ይዞ ሊገለበጥ ይችላል። ስለዚህ ከጭነቱ ስልሳ በመቶ ያህሉ ከተሳቢው ጎማ ፊት ይሁን፤ በሬ ሲጫንም ከፊት ተጠግቶ ይታሰር። መወዝወዙ ከጀመረ ነዳጅ መስጫውን ቀስ ብሎ መልቀቅ፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው። በድንገት ፍሬን መምታትም፣ ፈጥኖ ለማምለጥ መሞከርም ያባብሰዋል።

ዳገቱና ቁልቁለቱ

አሁን ወደ ሞተሩ እንምጣ። የመጎተት ቁጥር የሚለካበት መንገድ አለ። በአሜሪካ አምራቾች የሚጠቀሙበት መለኪያ፣ ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2011 ሞዴሎቹ ቀድሞ የተቀበለው፣ ፎርድ፣ ጂኤምና ራም በኋላ የተከተሉት፣ አሪዞና ውስጥ ዴቪስ ዳም አጠገብ ያለውን 18 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት መነሻ ያደረገ ነው፤ መኪናው ተሳቢውን ይዞ፣ በሙቀት፣ ማቀዝቀዣው ተከፍቶ፣ ከተወሰነ ፍጥነት ሳይወርድ መውጣት አለበት። ጠንካራ ፈተና ነው። የዚያ ዳገት ጫፍ ግን ከአዲስ አበባ ከፍታ ግማሽ ገደማ ነው።

ከፍታ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየአንድ ሺህ ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ። የላንድ ክሩዘር 70 ፒካፕ ዝነኛ ሞተር የሆነውን ባለ 4.2 ሊትሩን 1 ኤች ዜድ እንውሰድ፤ ቱርቦ የለውም፣ ጉልበቱ 130 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። አዲስ አበባ ላይ ወደ 100 ይወርዳል። ቱርቦ ያለው ትንሽ ሞተር አየሩን ራሱ ጨምቆ ስለሚያስገባ ይህን ኪሳራ በብዛት ያካክሳል። በሌላ በኩል አሮጌው 1 ኤች ዜድ ኤሌክትሮኒክስ የማይበዛበት፣ ገጠር ያለ መካኒክ ፈትቶ የሚገጥመው ሞተር ነው። ደጋ ላይ በየቀኑ ተሳቢ የሚጎትት ቱርቦውን፣ ጋራዥ በሌለበት ቆላ የሚሠራ ቀላሉን ቢመርጥ ሁለቱም ልክ ናቸው።

ዳገት ያላቸገረውን መኪና ቁልቁለት ሊያሸንፈው ይችላል። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ያሽቆለቁላል። ከነተሳቢው 5,850 ኪሎ የሚመዝን መኪና አንድ ሺህ ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ዘጠኝ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ይሆናል። የተወሰነውን አየሩና ሞተሩ ይካፈሉታል፤ የቀረው ሁሉ የሚገባው የፍሬን ሸራውና ታምቡሩ ውስጥ ነው። ሸራ ሲግል መያዙን ያቆማል። በጭነት ጥርሱን የነቀለ ሹፌር ገና ከአፋፉ ማርሽ ቀንሶ፣ ሞተሩ እንዲይዝለት አድርጎ የሚወርደው ለዚህ ነው። ማርሹን አጋማሽ ላይ፣ ፍሬኑ ከሸተተ በኋላ ለመቀነስ መሞከር የዘገየ ብልሃት ነው። ገዢው አውቶማቲክ ከመረጠ ማርሹን በእጅ ዝቅ አድርጎ መያዝ የሚያስችል መሆኑን ያረጋግጥ።

ዋልካ ላይ

በክረምት ዋልካ አፈር ላይ ፎርዊል የቅንጦት ዕቃ አይደለም። የፎርዊሉ ዝቅተኛ ማርሽ ደግሞ ከጭቃ ለመውጣት ብቻ ሳይሆን ተሳቢ ይዞ ከቆሙበት ዳገት ለመነሣትም ይረዳል፤ የጎማውን የመሽከርከር ኃይል 2.5 እጥፍ ያህል ስለሚያሳድገው ፍሪሲዮኑ አይቃጠልም። የኋላው ዲፈረንሻል የሚቆለፍ ከሆነ አንዱ ጎማ በከንቱ ሲሽከረከር ሌላው ይሠራል። በአብዛኞቹ ሥራ ፒካፖች ግን ፎርዊሉ ለደረቅ አስፋልት የተሠራ አይደለም፤ የፊትና የኋላ ጎማዎች በኩርባ ላይ እኩል ስለማይጓዙ ማርሾቹ ይጨናነቃሉ። አስፋልት ሲደረስ ወደ ሁለት ጎማ መመለስ ነው።

የኤሌክትሪክ ፒካፕም መጥቷል። ከፍታ ጉልበቱን አይቀንስበትም፤ ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ ራሱ እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ለአባይ በረሃ የተፈጠረ ይመስላል። ነገር ግን ከባድ ተሳቢ ሲጎትት አንድ ጊዜ ተሞልቶ የሚሄደው ርቀት ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። መሙያ ከእርሻው አጠገብ ላለው ሰው እንጂ ለሩቅ ተጓዥ ገና ነው።

ያገለገለ ሲገዛ

ብዙዎቻችን የምንገዛው ያገለገለ ነው፤ ያገለገለ ፒካፕ ደግሞ ታሪኩን ከሥሩ ይዞ ይዞራል። ከጎን ቆሞ በጋቢናውና በጭነት ሣጥኑ መካከል ያለውን ክፍተት ማየት የመጀመሪያው ፈተና ነው። ክፍተቱ ከላይ እስከ ታች እኩል መሆን አለበት። ከላይ ሰፍቶ ከታች ከጠበበ ሻንሲው ጀርባው ወርዷል። ከዚያ ባትሪ ይዞ ከሥሩ መግባት ነው፦ ባሌስትራው የተሰቀለበት አካባቢ የብየዳ ጠባሳ፣ አዲስ ጥቁር ቀለም በአሮጌ ብረት ላይ፣ ቀጥ ያለ ወይም ወደ ላይ የጎበጠ ባሌስትራ፣ በተሳቢ ኳሱ ዙሪያ የተሰነጠቀ ብረት። ሞተሩን አድሶ መሥራት ይቻላል፤ የጎበጠ ሻንሲ ግን ዕዳው አያልቅም።

ሊገዛ የወጣ ሰው በኪሱ ሦስት ቁጥሮች ይዞ ይውጣ፦ በዓመቱ ውስጥ በጣም በከበደው ቀን ስንት ኩንታል እንደሚጭን፣ ያን ቀን ስንት ሰው እንደሚሳፈር፣ ተሳቢው ሞልቶ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን። በእኔ ግምት በደጋና በቁልቁለት አገር ከተፈቀደው የመጎተት ልክ ሁለት ሦስተኛውን ገደብ አድርጎ መያዝ ብልህነት ነው፤ 3,500 ለተባለው 2,300 ገደማ። ቁጥሮቹ ከዚህ ካለፉ የሚያስፈልገው ትልቅ ሞተር ያለው ፒካፕ አይደለም። በመንገድ ላይ ለሚመላለስ ጭነት ትንሹ የአይሱዙ የጭነት መኪና፣ በማሳና በጎተራ መካከል ለሚመላለስ ደግሞ ትራክተር ከነተሳቢው ይሻላል፤ ፒካፑም ከአቅሙ በላይ ሳይሠራ ዓመታት ይቆያል።