«አይነሡ፤ ይቀመጡ!»

ሽማግሌዎቻችን እንዳይወድቁና ራሳቸውን ችለው እንዲኖሩ ምን ይደረግ?

ባለፈው ክረምት ከመካከላችን የአንዱ አያት ወደቁ። ቦታው አቃቂ ነው። የወደቁት ከገደል ወይም ከፈረስ ላይ አይደለም። ሌሊት ለሽንት ተነሥተው፣ ሰው እንዳይቀሰቅሱ ሲሉ መብራት ሳያበሩ ወደ ግቢው ሲወጡ፣ ዝናብ ያራሰው የደጃፍ ድንጋይ አንሸራተታቸው። ዳሌያቸው ተሰበረ። እስከዚያች ሌሊት ድረስ እንጀራቸውን ራሳቸው የሚጋግሩ፣ ከጽዋ ማኅበራቸው የማይቀሩ፣ የጎረቤት ልቅሶ የማያመልጣቸው ባልቴት ነበሩ። ዛሬ ከአልጋ ወደ ወንበር ለመሻገር ሁለት ሰው ያስፈልጋቸዋል።

የሰፈሩ ሰው «አርጅተዋል፤ ምን ይደረግ!» አለ። እኛም እንደዚያው ብለን ነበር። በኋላ ግን ስለ ነገሩ ስናነብና ዐዋቂዎችን ስንጠይቅ፣ አባባላችን ስሕተት መሆኑን ተረዳን። መውደቅ እንደ ሽበት ከዕድሜ ጋር የግድ የሚመጣ ነገር አይደለም። ምክንያት አለው፤ ምክንያት ያለው ነገር ደግሞ መከላከያ ይኖረዋል። ይህን ጽሑፍ ለጓደኞቻችን ያቀረብነው አያትና ወላጅ የሌለው ተማሪ ስለማይገኝ ነው።

የጉዳዩ ስፋት

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፣ በዓለም ላይ በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ ምክንያት ይሞታሉ። ሳይታሰብ በሚደርስ አደጋ ከሚሞቱት መካከል፣ ከመንገድ ትራፊክ ቀጥሎ ሁለተኛውን ስፍራ የያዘው መውደቅ ነው። ከሟቾቹም ውስጥ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ሕክምና የሚያስፈልገው ጉዳት የሚያስከትለው መውደቅ ደግሞ በዓመት ከ37 ሚሊዮን ይበልጣል። ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ሰዎች በየዓመቱ ከ3ቱ 1 ያህሉ ይወድቃል።

ከሞቱ ይልቅ የሚከብደው ግን በሕይወት የሚቀሩት የሚያጡት ነገር ነው። ዳሌው የተሰበረ አረጋዊ ገበያ መሄዱ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ መሳሙና መስገዱ፣ ለልጅ ልጁ መላላኩ ሁሉ በአንድ ሌሊት ይቋረጥበታል። «የሰው እጅ ከማየት ያድነኝ» እያሉ የሚጸልዩት ሽማግሌዎቻችን የሚፈሩት ይህንኑ ነው።

ሰው ለምን ይወድቃል?

ሰው ቆሞ የሚሄደው በሦስት መልእክተኞች አማካይነት ነው። አንደኛው ዐይን ነው። ሁለተኛው በውስጠኛው ጆሮ ያለው የሚዛን መሣሪያ ነው። ሦስተኛው ከእግር መዳፍና ከመገጣጠሚያዎች የሚመጣው ስሜት ነው። አእምሮ ሦስቱ የሚያመጡለትን ወሬ አገናዝቦ ጡንቻዎችን ያዛል። ሰውነት ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል እግር ፈጥኖ ይቀድማል፤ ሰውየውም ይድናል። እኛ በቀን ስንት ጊዜ ተደናቅፈን ሳንወድቅ እንደምንቀር ልብ አንለውም።

ዕድሜ ሲገፋ ግን እያንዳንዱ መልእክተኛ ይደክማል። ዐይን በሞራ ይሸፈናል። በ1998 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው ብሔራዊ የዐይን ጤና ጥናት፣ ከታየው ዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉን ያመጣው የዐይን ሞራ እንደ ሆነ ታውቋል። የስኳር በሽታ የእግር መዳፍን ስሜት ያደነዝዛል። የጭንና የባት ጡንቻ ይመነምናል። አጥንትም ይሳሳል፤ በተለይ ሴቶች የወር አበባቸው ከቆመ በኋላ የአጥንታቸው ጥንካሬ ቶሎ ስለሚቀንስ፣ ወጣት ቢወድቀው አቧራውን አራግፎ የሚሄድበት አወዳደቅ እነሱን ይሰብራቸዋል።

በዚህ ላይ መድኃኒት ይጨመራል። አንዳንድ የደም ግፊትና የእንቅልፍ መድኃኒቶች ራስን ያዞራሉ። ከተኙበት ብድግ ሲሉ ዐይን የሚጨልምባቸው ሽማግሌዎች ብዙ ናቸው። ምክንያቱ ደማቸው ወደ እግር ወርዶ ለጊዜው ወደ ራስ የሚደርሰው ስለሚያንስ ነው። ሐኪም በተኙበትና ከቆሙ በኋላ ግፊታቸውን ለክቶ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ መውረዱን ካየ፣ መድኃኒቱን እንደገና መመርመር ይገባዋል። በጾም ወራት ውኃ ሳይጠጡ መዋልም ይህንኑ ማዞር ያብሰዋል።

እንግዲህ ሰው የሚወድቀው ብዙ ጊዜ በአንድ ምክንያት ብቻ አይደለም። ጨለማው፣ የራሰው ድንጋይ፣ የደከመው ጭንና የግፊቱ ክኒን በአንዲት ደቂቃ ሲገናኙ ይወድቃል። ከአራቱ አንዱን ብናስወግድ ኖሮ የጓደኛችን አያት ባልወደቁ ነበር ብለን እናምናለን።

አቃቂ ቃሊቲ ለሽማግሌ እግር

አቃቂ ቃሊቲ የሠራተኛ አገር ነው። የባቡሩ ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ በአቃቂ በኩል አልፎ ነው። በጨርቃ ጨርቁ፣ በብረታ ብረቱና በመለዋወጫው ፋብሪካ ጉልበታቸውን የጨረሱ ሰዎች ዛሬ በዚሁ ሰፈር ጡረተኞች ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ቆመው የሠሩ ጉልበቶች አሁን የሚፈተኑት በመንገዱ ነው።

የአካባቢው አፈር ጥቁር መረሬ ነው። በክረምት ጫማ ይዞ ይቀራል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። ክዳኑ የጠፋ የውኃ ቦይ፣ ከቦታው የተነሣ ኮብልስቶን፣ ግንበኛ ጥሎት የሄደ የድንጋይ ክምር በየመንገዱ አለ። የሚኒባሱ ደረጃ ከፍ ያለ ነው፤ ረዳቱም «ቶሎ በሉ፣ ቶሎ በሉ» ይላል። ባልቴቷ አንድ እግራቸውን ከመሬት ሳያነሡ መኪናው ሲንቀሳቀስ በዐይናችን አይተናል።

የኮንዶሚኒየሙም ነገር አለ። በ1997 ዓ.ም. ለቤት የተመዘገቡ ብዙ ሰዎች ዕጣቸውን ከ10 ዓመት በላይ ጠብቀዋል። በ50 ዓመቱ የተመዘገበ ሰው ቁልፉን ሲረከብ 60ን አልፏል ማለት ነው። በቱሉ ዲምቱና በመሳሰሉት ሰፈሮች ያሉት ባለአራት ፎቅ ሕንፃዎች አሳንሰር የላቸውም። ዕጣው አራተኛ ፎቅ ላይ ያወጣው አረጋዊ ውኃ በጠፋ ቀን ጀሪካን ይዞ ደረጃ ይወጣል፤ ወይም ጨርሶ ከቤት መውጣት ይተዋል። ሕጉ ይህን ነገር አልዘነጋውም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5፣ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዝዛል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ፣ መራመድ ችለው ደረጃ ለማይወጡ ሰዎች ጭምር የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ጠይቋል። የቀረው ወረቀቱን ከደረጃው ማገናኘት ነው።

ክብራችን ሲጎዳ

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በእኛ ባህል ሽማግሌ ሲነሣ «አይነሡ፤ ይቀመጡ፤ እኛ አለን» ማለት ጨዋነት ነው። ጨዋነቱን የሚነቅፍ የለም። ነገር ግን ያልሠራ ጡንቻ እንደማይታረስ መሬት ነው፤ ጠፍ ይሆናል። ውኃውን ከቀዳንላቸው፣ ቡናውን ካፈላንላቸው፣ ወደ ደጅ እንዳይወጡ ከከለከልናቸው፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከወንበር ተነሥተው የሚቆሙበትን ኃይል ያጣሉ። አንድ ጊዜ የወደቀ አረጋዊ ደግሞ ይፈራል። ስለሚፈራ ይቀመጣል፤ ስለሚቀመጥ ይደክማል፤ ስለሚደክም እንደገና ይወድቃል። ይህን ክፉ ቀለበት «ይቀመጡ» በሚለው ቃላችን እኛው እናጠብቀዋለን።

እንግዲህ ሽማግሌዎችን ሥራ እናብዛባቸው ማለታችን አይደለም። የሚችሉትን እንዲሠሩ እንተውላቸው፤ የማይችሉትን አጠገባቸው ቆመን እናግዛቸው ማለታችን ነው። አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። ለማኅሌት የሚቆመው ደብተራ መቋሚያ ይይዛል፤ መቋሚያው ቁጭ አያደርገውም፣ ሌሊቱን ሙሉ ያቆመዋል እንጂ። ስግደትም፣ ሶላትም፣ ተጎንብሶ መነሣትን በየቀኑ ያለማምዳሉ።

ምን ይደረግ?

1ኛ፤ መለካት። ከወንበሩ 3 ሜትር ርቆ በጠመኔ ምልክት ይደረግ። አረጋዊው የለመዱትን ጫማና ምርኩዝ እንደያዙ ከወንበር ይነሡ፤ በተለመደው አረማመዳቸው እስከ ምልክቱ ሄደው፣ ተመልሰው ይቀመጡ። ይህ ሁሉ 12 ሴኮንድ ወይም ከዚያ በላይ ከወሰደ የመውደቅ ሥጋት እንዳለ ያስረዳል። ስንለካ አጠገባቸው እንቁም።

2ኛ፤ ማጠንከር። ከሁሉ የበለጠ ጥቅሙ የተረጋገጠው የጡንቻና የሚዛን ልምምድ ነው። በ2011 ዓ.ም. ከ100 የሚበልጡ ጥናቶች ተሰባስበው ሲመረመሩ፣ በአካል እንቅስቃሴ የመውደቅ ብዛት 23 በመቶ ያህል መቀነሱ ታይቷል። ልምምዱ ገንዘብ አይጠይቅም። ጽኑ ወንበር ከግድግዳ አስጠግቶ፣ ቢቻል እጅ ሳይደግፉ፣ 10 ጊዜ መነሣትና መቀመጥ፤ ጠረጴዛ ይዞ በእግር ጣት 10 ጊዜ መቆም፤ እንደዚሁም ጠረጴዛ ይዞ አንዱን እግር ከሌላው ፊት አስቀድሞ 10 ሴኮንድ መቆም። በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ይደረግ። የደረት ሕመም ወይም ብርቱ ማዞር ያለባቸው አስቀድመው ሐኪም ይጠይቁ።

3ኛ፤ ቤትን ማስተካከል። ለሌሊት ባትሪ ከትራስ አጠገብ፣ ፖፖ ከአልጋ ሥር ይቀመጥ። በሊሾ ወለል ላይ የተጎዘጎዘ እርጥብ ቄጤማ ያንሸራትታል፤ አረጋውያን በሚመላለሱበት በኩል አይጎዝጎዝ። ነጠላ ጫማ በተረከዙ በሚይዝ ጫማ ይለወጥ። ከበርጩማ ለመነሣት የሚቸገሩ ከፍ ያለ ወንበር ይኑራቸው። ከሽንት ቤቱ ግድግዳና ከደረጃው ጎን የእጅ መያዣ ብረት ይተከል። ብረት በሚቀለጥበት በቃሊቲ አንዲት ቁራጭ ቱቦ የሚበይድ ሰው አይጠፋም።

4ኛ፤ ዐይንና መድኃኒት። ሞራ በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል። የሚወስዷቸውን ክኒኖች በሙሉ በአንድ ፌስታል ይዞ ሐኪም ዘንድ መቅረብ፣ «ራስ የሚያዞር የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ግን ማቋረጥ አይገባም። ከአልጋ ሲነሡ አስቀድሞ ጠርዙ ላይ መቀመጥ፣ እግርን ማንቀሳቀስ፣ ከዚያ መቆም ይበጃል።

5ኛ፤ ከወደቁ በኋላ። ቶሎ ጎትቶ ማንሣት አይገባም። ሕመም ከሌለ በጎን ዞረው፣ ተንበርክከው፣ ወንበር ተደግፈው ራሳቸው ይነሡ። የዳሌ ሕመም ካለ፣ ወይም አንዱ እግር አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ፣ ስብራት ስለሚጠረጠር ሳያንቀሳቅሱ ብርድ ልብስ አልብሶ አምቡላንስ መጥራት ነው፤ የቀይ መስቀሉ በ907 ይጠራል። በዚሁ ክፍለ ከተማ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አለ። ወጌሻን አንንቅም፤ ነገር ግን በቀርከሃ አጥብቆ የታሰረ ስብራት ደም አግዶ እግር እስከ ማስቆረጥ ያደርሳል።

የዕድርና የእኛ ድርሻ

ዕድራችን ድንኳን አለው፤ ወንበር አለው፤ ገንዘብ ያዥ አለው። ሰው ሲሞት ይደርሳል። ከመሞቱ በፊት ቢደርስስ? የዕድር ስብሰባ አንድ ቀን ተቀምጦ፣ በሰፈሩ ክዳን ያጣውን ቦይ ቢቆጥር፣ ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን የእጅ መያዣ ብረት ቢያስበይድ፣ ወጪው ከአንድ ተዝካር አይበልጥም። በየቤቱ የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ያንን የ3 ሜትር መለኪያ ከሥራቸው ጋር ሊያጣምሩት ይችላሉ።

ለእኛ ለተማሪዎች የሚቀረው ደግሞ ቀላል ነው። በሚቀጥለው ዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ ጠመኔና ሰዓት ይዘን እንሂድ። ሚኒባስ ላይ ረዳቱ ሲያጣድፍ «ቆይ፣ እናታችን ይውረዱ» የሚል ድምፅ ከእኛ ይውጣ።

የጓደኛችን አያት አሁን ቀስ በቀስ እየተለማመዱ ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ ልንጠይቃቸው ሄደን ነበር። ወንበሩን ተደግፈው ለመነሣት ሲሞክሩ ሁላችንም እንደ ልማዳችን «አይነሡ፤ ይቀመጡ!» አልን። እሳቸውም ቀና ብለው አዩንና «ልጆቼ፣ ተቀምጬማ ሰነበትሁ፤ አሁን እጃችሁን ስጡኝ» አሉን። እኛም እጃችንን ሰጠናቸው፤ ቆሙም።