«ጌመር»፦ የተናቀው ፊልምና የፒንግ ነገር

በፈራረሰ ሕንፃ ፍርስራሽ መሐል አንድ ጎልማሳ ጠመንጃውን ደግኖ ይሮጣል። ወደ ግራ ይታጠፋል፣ ያጎነብሳል፣ ይተኩሳል። ከእርሱ ርቆ፣ በሀብታም ቤት ውስጥ፣ ግድግዳው ሁሉ ስክሪን በሆነበት ክፍል፣ አንድ የ17 ዓመት ልጅ እጁን እያወናጨፈ ይዘላል። ልጁ ወደ ግራ ሲል ሰውየው ወደ ግራ ይላል፤ ልጁ ሲያነጣጥር ሰውየው ያነጣጥራል። ልጁ እየተዝናና ነው። ሰውየው የሞት ፍርደኛ ነው፤ ከተመታ የምር ይሞታል።

ይህ «ጌመር» ነው። ማርክ ኔቨልዲንና ብራያን ቴይለር ጽፈው ያዘጋጁት የአሜሪካ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልም ሲሆን፣ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች መታየት የጀመረው ነሐሴ 29 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር 2009 መሆኑ ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው። 50 ሚሊዮን ዶላር ግድም ፈሶበት ከሲኒማ ቤት ያስገባው ገንዘብ ወጪውን አልመለሰም። ሃያሲያንም አልራሩለትም፤ ጫጫታ፣ ደምና እርቃን ብቻ ነው ብለው ብዙዎቹ አጣጣሉት። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ፊልሙ ተበድሏል ከሚሉት ጥቂቶች ወገን ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። ኬን ካስል የተባለ የናጠጠ የኮምፒውተር ሊቅ (ማይክል ሲ. ሆል) አንጎል ውስጥ ገብተው ራሳቸውን እያባዙ የአንጎል ሕዋሳትን የሚተኩ ደቃቅ መሣሪያዎች ይፈለስፋል። እነዚህ የተተከሉበትን ሰው ሌላው ከሩቅ ሆኖ ያዝዘዋል። ካስል በዚህ ሁለት ጨዋታዎች ያቋቁማል። በ«ሶሳይቲ» ደሞዝተኞች ገላቸውን ለከፋይ ተጫዋች ያከራያሉ። በ«ስሌየርስ» የሞት ፍርደኞች ጦር ሜዳ ይገባሉ፤ 30 ውጊያ በሕይወት የጨረሰ ነጻ ይወጣል። በጨዋታ ስሙ ኬብል የሚባለው ጆን ቲልማን (ጄራርድ በትለር) 27ቱን አልፏል። የሚነዳው ልጅ ሳይመን (ሎጋን ለርማን) ነው። የቲልማን ሚስት አንጂ (አምበር ቫሌታ) ደግሞ በ«ሶሳይቲ» ተቀጥራ ትሠራለች። ቲልማን ከ«ስሌየርስ» ወጥቶ ቤተሰቡን ለማስመለስ ይታገላል። የቀረው ከፊልሙ ይታይ።

ስለ ፊልሙ የሚነገረው ትልቁ ስሕተት «ጌም ልጆችን ነፍሰ ገዳይ ያደርጋል ብሎ ይሰብካል» የሚለው ነው። እንዲህ የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ሃያ ደቂቃ ብቻ አይተው የተነሡ ናቸው። ለስብከት የተሠራ ፊልም ቢሆን ኖሮ ሳይመንን ጭራቅ ያደርገው ነበር። ሳይመን የተሞላቀቀ ግን ችሎታ ያለው ልጅ ነው፤ ከሚነዳው ሰው ጋር በድምፅ የሚነጋገርበት መንገድ ሲከፈትለት ደንግጦም ቢሆን ያዳምጣል። ሌላው ስሕተት የሚመጣው ከጌም ጋር ትውውቅ ከሌላቸው ነው። ፊልሙ ከጌም የወሰደው ጠመንጃና ፍንዳታ ብቻ ይመስላቸዋል። ከወሰደው ሁሉ የረቀቀው ግን ፒንግ ነው፤ ታሪኩ የሚንቀሳቀሰውም በእርሱ ነው።

በኢንተርኔት የሚጫወት ሁሉ ፒንግን ያውቀዋል፤ ብዙው ያውቀዋል ማለት ደግሞ ይረግመዋል ማለት ነው። ትእዛዙ ከተጫዋቹ ተነሥቶ ሰርቨር (ጨዋታውን የሚያስተዳድረው ኮምፒውተር) ደርሶ ምላሹ እስኪመጣ የሚፈጀው ጊዜ ሲሆን፣ የሚለካው በሚሊሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ሺኛ ነው። ስሙ የተወሰደው አሜሪካዊው ማይክ ሙስ በ1983 ከጻፈው አጭር የኔትወርክ መፈተሻ ፕሮግራም ነው። ፒንግን ዜሮ ማድረግ አይቻልም፤ የተፈጥሮ ሕግ አይፈቅድም። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት በአየር ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እናም ገመዱ እንደ ቀስት ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ እንኳ ደርሶ መልሱ ከ50 ሚሊሰከንድ አያንስም። የኢትዮጵያ መስመር ደግሞ ቀጥ ያለ አይደለም፤ የባሕር በር ስለሌለን መጀመሪያ የጎረቤት አገር ማቋረጥ አለበት። ስለዚህ የአዲስ አበባ ወጣት ፐብጂ የተባለውን የተኩስ ጨዋታ ሲጫወት ተመትቶ «ቀድሜ የተኮስኩት እኔ ነኝ!» ብሎ ቢምል አይፈረድበትም። በእርሱ ስክሪን ላይ ቀድሞ ሊሆን ይችላል።

የጌም ሠሪዎች ይህን መዘግየት የሚደብቁባቸው ዘዴዎች አሏቸው። በ1996 የወጣው «ኩዌክወርልድ» የሰርቨሩን መልስ ሳይጠብቅ ተጫዋቹን በስክሪኑ ላይ ወዲያው ያንቀሳቅሰው ነበር፤ ግምቱ ከሰርቨሩ ካልተስማማ በኋላ ያስተካክለዋል። ከዚያ ወዲህ የመጡ የተኩስ ጨዋታዎች ሌላም ጨምረዋል። ተኩሱ ሰርቨር ሲደርስ ሰርቨሩ ጊዜውን ጥቂት ወደ ኋላ ይመልስና «ይህ ልጅ ቃታ ሲስብ ዒላማው የት ነበር?» ብሎ ይፈርዳል። ግድግዳ ጀርባ ገብቶ ተደብቆ ሳለ የሞተ ተጫዋች የሚናደደው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ያንኑ ዘዴ በሥጋና በደም ሰው ላይ ያስቡት። ሰርቨር ስሌትን ወደ ኋላ ይመልሳል፤ ጥይትን አይመልስም። የቲልማን ገላ ከታዘዘበት ቅጽበት ዘግይቶ ይንቀሳቀሳል፤ በዚያች ክፍተት የሚመጣውን እሳት የሚቀበለው እርሱ እንጂ ሳይመን አይደለም። ላይ ላዩን ሲታይ ሁለቱ የዘመኑ አንደኛ ጥንድ ናቸው፤ ልጁ ፈጣን፣ ሰውየውም የለመደ ወታደር። ሆኖም ፈጣኑም ልጅ ቢሆን መዘግየቱን ሊያጠፋው አይችልም። የማንኛችንም አንጎል እጃችንን የሚያዝዘው ነርቭን ተከትሎ ነው፤ የነርቭ ትእዛዝ በሰከንድ ከ50 እስከ 60 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ ጣት እስኪደርስ 20 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጃል። ቲልማን ይህ የራሱ መዘግየት አለው፤ የሳይመን ነርቭ ደግሞ ይደመርበታል፤ በመካከላቸው ያለው ኔትወርክም ይጨመራል።

ፊልሙ የሚታጠፈው እዚህ ላይ ነው። ቲልማን ከልጁ ጋር መነጋገር ሲችል ጥይት ወይም የተሻለ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ልቀቀኝ ነው የሚለው። ልጁ መቆጣጠሪያውን ይለቃል። ከዚያ በኋላ ሰውየው ሲሮጥ አካሄዱ ይለወጣል፤ አንገቱ ቀድሞ ይዞራል፣ እግሩ ዓይኑን ይከተላል። በትለር በዚህ ፊልም አይተወንም የሚሉ ሰዎች ይህን ትዕይንት ከቀደሙት ውጊያዎች ጋር አስተያይተው ቢያዩ መልካም ነው።

ካስልም ፒንግን ያውቀዋል። ቲልማንን ለማስገደል ሃክማን የተባለ ግዙፍ እስረኛ (ቴሪ ክሩዝ) የሚልከው ያለ ተጫዋች ነው፤ ማንም አይነዳውም፣ ስለዚህ አይዘገይም። ይህ ግዙፍ ሰው «ፒኖኪዮ» ከተባለው የ1940 የካርቱን ፊልም ክር የሌለው አሻንጉሊት የሚዘፍነውን ዘፈን ያንጎራጉራል። ስለ ፒንግ ያልገባው ተመልካች ቀልድ ብሎ ያልፈዋል። የገባው ደግሞ ላብ ላብ ይለዋል።

ወደ አንጂ እንምጣ። ብዙው ሰው የሚያስታውሰው ውጊያውን ነው፤ ክፉው ነገር ያለው ግን በ«ሶሳይቲ» ውስጥ ነው። አንጂ ጠዋት ሥራ ትገባለች፣ ደማቅ ቀለም ዊግና አጭር ልብስ ትለብሳለች፣ ከዚያ ገላዋ የእርሷ አይደለም። የሚነዳት በጨለማ ክፍል ግማሽ እርቃኑን ተቀምጦ፣ ላብ እያጠመቀው፣ ሽሮፕ የጎረፈበት ምግብ የሚያግበሰብስ ሰው ነው። ካሜራው ከአንጂ ፈገግታ ወደዚህ ሰው አፍ፣ ከአፉ መልሶ ወደ ፈገግታዋ ይመላለሳል። ማንም በጉልበት አላስገባትም፤ ውል ፈርማ ደሞዝ ትቀበላለች። ልጇን ለማስመለስ ስትጠይቅ ግን ይኸው ሥራዋ ተጠቅሶ ትከለከላለች። በ«ስሌየርስ» ሜዳም ከእርሷ ጋር የሚመሳሰሉ አሉ፤ ተጫዋች የሌላቸው፣ በተሞላላቸው ፕሮግራም አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ እየደጋገሙ ለአጃቢነት የሚቆሙ እስረኞች። ከአንድ ውጊያ ከተረፉ ይለቀቃሉ። በጌም ውስጥ መንገድ ዳር ቆሞ ስለሚያልፈው ሰው ተጫዋቹ አስቦ አያውቅም፤ ፊልሙ ያን ሰው ቤተሰብ እንዳለው አድርጎ ያቆመዋል።

ይህን አንቀጽ ፊልሙን ያላየ ሰው ቢዘልለው ይሻላል። ካስል ከራሱ አንጎል 98 በመቶውን በፈጠራው ተክቷል፤ የእርሱ ግን ትእዛዝ የሚሰጥ እንጂ የሚቀበል አይደለም። ቲልማን ወደ መኖሪያው ሲመጣ የሚጠብቀው ተኩስ አይደለም። ካስል ሳሚ ዴቪስ ጁኒየር የዘፈነውን የኮል ፖርተር የፍቅር ዘፈን በከንፈሩ እየተከተለ ይጨፍራል፤ የሚያዝዛቸው እስረኞች በአንድ ረድፍ እጃቸውንና እግራቸውን እኩል እያነሡ ያጅቡታል፣ ከዚያም ወደ ደም ይዞራሉ። ሆል ይህችን ትዕይንት ብቻ ተውኖ ቢሄድ ይበቃው ነበር። በመጨረሻም ካስል የቲልማንን ገላ በሐሳቡ ቀፍድዶ ሲይዘው፣ ቲልማን ቢላዋው በካስል ሆድ ውስጥ ሲገባ እንዲያስበው ይነግረዋል። ካስል ማሰቡን መከልከል አይችልም። ያሰበው ደግሞ ይፈጸማል።

እንከን የለውም ማለት አይደለም። ቲልማን ቮድካ ጠጥቶ፣ ኋላ በመኪናው ነዳጅ ታንክ ውስጥ አስመልሶና ሽንቱን ሸንቶ ሞተሩን የሚያስነሣበት ትዕይንት አለ። እጅግ የሰከረ ሰው ሽንት ውስጥ ያለው አልኮል ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ ራሱ ቮድካውም ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። ማንም መኪናውን በዚህ እንዳይሞክር።

የአንጎሉ ነገር ግን ተራ ቅዠት አይደለም። ስፔናዊው የአንጎል ተመራማሪ ሆሴ ዴልጋዶ በ1963 ኮርዶባ ላይ አንጎሉ ውስጥ ኤሌክትሮድ የተተከለለትን ኮርማ፣ እየተንደረደረ ሲመጣበት በሬዲዮ ትእዛዝ አስቁሞታል። ፊልሙ ከወጣ አራት ዓመት ቆይቶ፣ በ2013፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ራጄሽ ራኦ የኮምፒውተር ጨዋታ እያየ መድፍ ለመተኮስ እጁን ማንቀሳቀስ በሐሳቡ ብቻ አሰበ። ምልክቱ በኢንተርኔት ተላለፈና በግቢው ሌላ ወገን የተቀመጠው ባልደረባው አንድሪያ ስቶኮ፣ ጭንቅላቱ ላይ በተደገነ የመግነጢስ መሣሪያ አማካይነት፣ ጣቱ ሳያዝዘው ቁልፉን ተጫነ። ቀዶ ጥገና የለም፣ አስገዳጅ የለም፣ አንዲት ጣት ብቻ። ለሙከራው የመረጡት ግን የተኩስ ጨዋታ ነበር።

በ2009 ስለ ተውሶ ገላ የተሠራው ፊልም ይህ ብቻ አልነበረም። «ጌመር» በወጣበት በሴፕቴምበር «ሰሮጌትስ»፣ በዲሴምበር ደግሞ «አቫታር» ወጥተዋል። በመጀመሪያው የሚነዳው ሮቦት ነው፤ በሁለተኛው በላቦራቶሪ የበቀለ ገላ። የሚነዳው ገላ ባለቤት ያለውና የሚያመው በ«ጌመር» ብቻ ነው። ይህን ቀድሞ የተረዳው አሜሪካዊው ምሁር ስቲቨን ሻቪሮ በ2010 «ፖስት ሲኒማቲክ አፌክት» በተባለው መጽሐፉ ለፊልሙ ሰፊ ቦታ ሰጥቶታል።

ስለ ካሜራው አንድ ቃል፤ ፊልሙ የተቀረጸው ያኔ ገና አዲስ በነበረው ሬድ ዋን ዲጂታል ካሜራ፣ በኒው ሜክሲኮ አልበከርኪ ነው። በውጊያው መሐል ምስሉ እንደ ደከመ ሲግናል የሚቆራረጠው ሆን ተብሎ ነው። እዚህ ላይ ወቀሳ አለ። በየሱቁ በፍላሽ የሚጫነው ቅጂ ራሱ የተቆራረጠና የጨለመ ስለሆነ፣ ተመልካቹ የዳይሬክተሮቹን ሥራ ከቅጂው ብልሽት መለየት አይችልም፤ ከዚያ «ፊልሙ አይረባም» ይላል። ርዕሱ ስለ ጨዋታ ነው ብለው ለልጆች የሚከፍቱ ወላጆችም አሉ። ይህ በአሜሪካ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ እንዳያየው የተደነገገ ፊልም ነው፤ ደሙም እርቃኑም ብዙ ነው።

ኔቨልዲንና ቴይለር ከዚህ በፊት «ክራንክ»ን፣ በኋላም በ2012 ሁለተኛውን «ጎስት ራይደር» ሠርተዋል። ብዙ ተመልካች የሚወደው «ክራንክ»ን ነው። ከሁለቱ ሰዎች ሥራዎች ሁሉ የሚበልጠው ግን «ጌመር» ነው፤ ጥሩ ቅጂ ፈልጎ፣ ልጆች ከተኙ በኋላ፣ ከመጀመሪያው ውጊያ ጀምሮ ፒንጉን እየተከተለ ያየ ሰው ይህን ፍርድ ከመቀበሉ በፊት ይሞግት።