ያውቁ ኖሯል? ከመጋዙ በፊት ብሬከሩን ይዩ

የጠረጴዛ መጋዝ ለመግዛት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ዋጋውን ነው። ዳላስና ፎርት ዎርዝ አካባቢ ጋራዥዎን የእንጨት ሥራ ቤት ሊያደርጉት ካሰቡ ግን ከግድግዳው ቢጀምሩ ይሻላል።

● ያውቁ ኖሯል? በዳላስ ምድር ቤት ያለው መኖሪያ ብርቅ ነው። አፈሩ ውኃ ሲጠግብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር ሸክላ ነው፤ የአገር ቤቱ ዋልካ ዘመድ። ሌላው አሜሪካዊ ምድር ቤት የሚያስገባውን መጋዝ የዳላስ ሰው ጋራዥ ውስጥ የሚያቆመው አንድም በዚህ የተነሳ ነው።

● የአሜሪካ ቤት 120 ቮልት ብቻ ያለው ይመስለናል እንጂ 240ም አለው። የብሬከር ሳጥኑን በር ይክፈቱ፦ ነጠላ እጀታ ያለው ብሬከር 120 ነው፤ ሁለት እጀታ ተጣምረው አብረው የሚወጡና የሚወርዱበት 240 ነው። ልብስ ማድረቂያው የሚሠራው በዚህኛው ነው።

● ተራ ሶኬት ላይ የሚሰካ መጋዝ ቢበዛ 15 አምፔር ይስባል። በ120 ቮልት ሲባዛ 1,800 ዋት ነው። አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ስለሆነና ሞተሩም የተወሰነውን በሙቀት ስለሚያባክን፣ ምላጩ ጋ የሚደርሰው 2 የፈረስ ጉልበት ቢሆን ነው። ባለ 3 ከፈለጉ 240 ቮልት የግድ ነው።

● «6 የፈረስ ጉልበት» የሚል የተለጠፈበት የሰጋቱራ መምጠጫ ተራ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ያን ያህል ጉልበት ሊሰጥ አይችልም። ይልቅ እሱንና መጋዙን አንድ መስመር ላይ አብረው ቢያስነሱ ብሬከሩ ሊዘል ይችላል። ለየብቻ መስመር ይስጧቸው።

● 240 ቮልት የመብራት ሂሳብ አይቀንስም። ቆጣሪው የሚቆጥረው ዋት ነው፤ ቮልቱ እጥፍ ሲሆን አምፔሩ በግማሽ ይወርዳል። ጥቅሙ ሽቦው ብዙ አለመጋሉና ሞተሩ ሲነሳ አለመንገዳገዱ ነው።

● የአሜሪካ ሽቦ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ውፍረቱ ይጨምራል። 12 ቁጥር ከ14 ይወፍራል፤ 16 ቁጥር ደግሞ ለመብራት እንጂ ለመጋዝ አይሆንም። ቀጭንና ረጅም ማራዘሚያ ቮልቱን ይበላዋል፣ ሞተሩም ይግላል። ሳይቃጠል በቅጠል!

● መሀሉ ላይ ሁለት ትናንሽ ቁልፎች ያሉት፣ ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ሲያፈተልክ በቅጽበት የሚቆርጠው ሶኬት በጋራዥ ውስጥ ግዴታ የሆነው በ1978 በወጣው የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ደንብ ነው። ቤትዎ ከዚያ በፊት የተሠራ ከሆነ ሶኬቶቹን ያረጋግጡ።

● በቴክሳስ ሕግ የቤት ባለቤት በሚኖርበት ቤት የራሱን የኤሌክትሪክ ሥራ ለመሥራት የኤሌክትሪሽያን ፈቃድ አይጠየቅም። ማዘጋጃ ቤቱ ግን የሥራ ፈቃድና ፍተሻ ሊጠይቅ ስለሚችል አስቀድመው ይደውሉ።

● ብዙ ቴክሳሳዊ ከ2002 ጀምሮ የመብራት ሻጩን ራሱ ይመርጣል። ብዙ የአገራችን ሰዎች በሚኖሩባት ጋርላንድ ግን መብራት የሚሸጠው የከተማው የራሱ ድርጅት ነው፤ የተቋቋመውም በ1923 ነው።

● በጨረታ በርካሽ የሚወጣ የፋብሪካ መጋዝ ብዙ ጊዜ ባለ ሦስት ፌዝ ነው። መኖሪያ ቤት የሚገባው መስመር ነጠላ ፌዝ ስለሆነ መለወጫ መሣሪያ ካልገዙ አይነሳም። የሞተሩን ሰሌዳ ሳያነቡ ዋጋ አይጥሩ።

● አንድ ኮምፔርሳቶ 48 በ96 ኢንች ነው። ለሁለት ለመሰንጠቅ ከምላጩ እስከ መደገፊያው 24 ኢንች ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚከፈተው መጋዝ ጥሩ ነው፤ ገንዘብ ካጠረዎት ግን መጀመሪያ የሚተዉት እሱን ይሁን።

● በደቂቃ 4,800 ጊዜ የሚዞር ባለ 10 ኢንች ምላጭ፣ ጥርሱ በሰዓት 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። በሀይዌይ ላይ 70 ማይል ከሚነዳ መኪና ሁለት እጥፍ ነው። እንጨቱ ወደ ኋላ ሲወረወር የሚመጣው በዚህ ጉልበት ስለሆነ፣ ሲቆርጡ ከምላጩ ትይዩ አይቁሙ፤ ወደ ጎን ይሁኑ።

● የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን እንደሚገምተው የጠረጴዛ መጋዝ ምላጭ በዓመት 30 ሺህ ገደማ ሰው ያቆስላል። ጣት የሚቆረጥበት ሰው በቀን በአማካይ አሥር ይሆናል።

● ሥጋ ሲነካው የሚቆም መጋዝ አለ። እስቲቨን ጋስ የተባለ፣ በፊዚክስ ዶክትሬት ያለው የፓተንት ጠበቃ ሐሳቡን ያመጣው በ1999 ሲሆን፣ ሶውስቶፕ የተባለው ኩባንያው የመጀመሪያዎቹን መጋዞች ለገበያ ያቀረበው በ2004 ነው። ምላጩ ላይ ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ይዞራል፤ ጣት ሲነካው ምልክቱ ይወርዳል፣ በስፕሪንግ የተወጠረ የአሉሚኒየም ቁራጭ ጥርሱ ላይ ይሰካል። ይህ ሁሉ በ5 ሚሊ ሰከንድ ያልቃል። ትርኢቱን የሚያሳዩት በቋሊማ ነው፤ ቋሊማው ጫር ብቻ ይላል። ቁራጩ ግን ዳግም አይሠራም፣ ምላጩም አብሮ ይሄዳል። እርጥብ እንጨትም ሊያስነሳው ይችላል።

● በ1980 በዳላስና ፎርት ዎርዝ ለ42 ተከታታይ ቀናት የየቀኑ ከፍተኛ ሙቀት ከ100 ዲግሪ ፋራናይት አልወረደም፤ ጣሪያው 113 ነበር። በእንዲህ ያለ ሙቀት በር የተዘጋ ጋራዥ ምጣድ ነው። ሞተሩ በራሱ ጊዜ ከቆመ ይቀዝቅዝ፤ ደጋግመው አያስነሱት።

● ከዳላስ በስተምሥራቅ ያለችው የሜስኪት ከተማ ስም የዛፍ ስም ነው። የአፋርን ግጦሽ የወረረው ፕሮሶፒስ የዚሁ ዛፍ የቅርብ ዘመድ ነው። ሜስኪት ጠንካራ ነው፣ ሲደርቅም ብዙ አይኮማተርም። ረከቦት ቢሠሩበት አይጣመምብዎትም።

● መጋዙን ወደ አገር ቤት ለመላክ ካሰቡ፣ የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል እንጂ ሄርዙን አይነካም። እዚህ በደቂቃ 3,450 የሚዞረው ከባድ ሞተር እዚያ 2,875 ገደማ ይዞራል። ካርቦን ብሩሽ ያለው ቀላሉና ጯሂው ሞተር ግን ሄርዝ አያስጨንቀውም።

እንግዲህ መደብር ከመሄድዎ በፊት ሦስት ነገር በወረቀት ይጻፉ፦ ብሬከሩ ስንት አምፔር እንደሆነ፣ ከሳጥኑ እስከ መጋዙ ስንት ጫማ እንዳለ፣ በዚያው መስመር ላይ ሌላ ምን እንደተሰካ። ወረቀቱን ለሻጩ ያሳዩት፤ መጋዙን የሚመርጥልዎት ወረቀቱ ነው።