ማስጠንቀቂያው የወንዙን መንገድ ይከተል

የክረምት ጎርፍ ጉዳት የሚያደርሰው ዝናቡ በጣለበት ቦታ ብቻ አይደለም። ተራራ ላይ የዘነበው ዝናብ ሜዳ ላይ ያለውን ቤትና ማሳ ያጥለቀልቃል። በመሆኑም የአንድ አካባቢ ነዋሪዎች የራሳቸውን ሰማይ ብቻ እያዩ ከጎርፍ ሊጠነቀቁ አይችሉም። ፒያሳን ጨምሮ ነባሩን የአዲስ አበባ እምብርት የያዘው አራዳ ክፍለ ከተማ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው።

ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር በሚበልጠው እንጦጦ ላይ የጣለ ዝናብ ቁልቁለቱን ይዞ ወደ አራት ኪሎና ፒያሳ አካባቢ ይወርዳል። አስፋልቱና የቆርቆሮ ጣሪያው ውኃ ስለማያሰርግ ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ቀጨኔና ቁርጡሜን የመሳሰሉት ወንዞች በአጭር ጊዜ ይሞላሉ። ወንዝ ዳር ለሚኖረው ሰው የመሸሻ ጊዜው ጥቂት ነው። ውኃው ግን ከተማው ውስጥ አይቀርም። ታላቁ አቃቂን ተቀላቅሎ በአባ ሳሙኤል በኩል ወደ አዋሽ ያመራል። በዚህ መንገድ ላይ ጤፍ፣ ስንዴና አትክልት የሚያመርቱ አርሶ አደሮች አሉ። ፒያሳ ላይ የሞላ ወንዝ ለእነርሱ ሊደርስ ያለ መልእክት ነው።

አደጋው የሚበረታበት ወቅት ይታወቃል። የአዲስ አበባ ዝናብ ከመቶ ዓመት በላይ ሲመዘገብ የቆየ ሲሆን፣ በዓመት ከሚጥለው 1 ሺህ 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ግማሽ ያህሉ በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ለበጋ፣ ለበልግና ለክረምት የወቅት ትንበያ ያወጣል፤ የወር፣ የአሥር ቀንና የዕለት ትንበያም ይሰጣል። የወቅት ትንበያ የሚናገረው ስለ አጠቃላይ አዝማሚያው ነው። ክረምቱ «ከመደበኛ በታች» ይሆናል ከተባለ ከባድ ዝናብ ጭራሽ አይጥልም ማለት አይደለም፤ የአንድ ቀን ዶፍ ጎርፍ ለማስነሳት ይበቃል። ስለሆነም ለዘር ዝግጅት የወቅቱን፣ ለጎርፍ ደግሞ የዕለቱን ትንበያ መከታተል ይገባል።

የቸልታ ዋጋው ከባድ ነው። ከሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት በሐረርጌ ደጋ የጣለው ዝናብ በደቻቱ ወንዝ ወርዶ ድሬዳዋን በእንቅልፍ ላይ እንዳለች ደረሰባት። ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ። በዚያው ክረምት በአማራ ክልል ደቡብ ጎንደር የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው በፎገራና በሊቦ ከምከም ነዋሪዎችን አፈናቀሉ። ሁለቱም ወንዞች የሚነሡት ከጉና ተራራ ነው። እንጦጦ ለአቃቂ እንደሆነው ሁሉ ጉናም ለፎገራ የሩዝ ማሳ እንደዚያው ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. እስከ 2027 የዓለም ሕዝብ በሙሉ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ተጠቃሚ እንዲሆን የጀመረው ሥራ አራት ነገሮችን ይጠይቃል። እነርሱም ስጋቱን ማወቅ፣ መከታተልና መተንበይ፣ መልእክቱን ማድረስ እንዲሁም መዘጋጀት ናቸው። ኢትዮጵያ በመጀመሪያ ከተመረጡት 30 አገሮች አንዷ ናት። ሦስተኛውና አራተኛው ሥራ ግን ያለ ወረዳና ቀበሌ አይሳካም።

«ከባድ ዝናብ ይጠበቃል» የሚል ቃል ብቻውን ማስጠንቀቂያ አይባልም። የትኛው ቀበሌ፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ፣ ምን ያድርግ የሚለው መመለስ አለበት። የላይኛው ወረዳ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ወንዙ ሲሞላ የወረዳ ወሰን ሳያግደው ለታችኛው ወረዳ የሚደውልበት ቁጥር ከሰኔ በፊት በእጁ ሊኖር ይገባል። ስልክ በማይሠራበት ሌሊት መልእክቱ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ፣ በእድርና በጥሩምባ የሚደርስበት መንገድም አስቀድሞ መሞከር አለበት። ተነግሮ ጎርፍ ሳይመጣ የቀረ እንደሆነ ምክንያቱን ለሕዝቡ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ በቀጣዩ ጊዜ የሚሰማ አይኖርም።

አርሶ አደሩም በበኩሉ የማሳውን የውኃ መውረጃ ቦይ ቀድሞ መጥረግ፣ ከብቶቹን ወንዝ ዳር አለማሳደር፣ እህልና ዘሩን ከፍ ባለ ስፍራ ማስቀመጥ ይጠበቅበታል። የሞላ ወንዝ እስኪጎድል ይጠበቃል እንጂ አይሻገሩትም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰማዩ ጥርት ብሎ ቢታይም፣ ከላይ አገር የሚመጣውን ወሬ አለመናቅ ሕይወትን ያተርፋል።